ስለ ሊቀ መንበራችን መስኮትና ከደብተሬ ስለጎደለው ገጽ

ይድረስ ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀ መንበር
(ሌሎችም ያነቡት ዘንድ በመግቢያው ሰሌዳ ላይ፣ ከውሃ መቋረጥ ማስታወቂያው ጎን የተለጠፈ)

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብስ ደህና ነው? እንቅልፍስ? እኛ ሦስተኛ ፎቅ ያለነው፣ ከእንቅልፍ በስተቀር ምንም አልጎደለብንም።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። የምትተኛው ቀን ነው፤ መኝታ ቤታችን ደግሞ ከብረታ ብረት ሥራ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ አሮጌዎቹ መስኮቶች በድርብ መስታወት ይቀየሩ ሲባል ከሕንፃው ሰው ሁሉ ቀድሜ የፈነጠዝኩት እኔ ነበርኩ። ለእሷም «ይህ መስኮት ይግባ እንጂ እንደ ሕፃን ትተኛለሽ» ብዬ ቃል ገባሁ። ጎረቤት «አቶ ዝርዝር» እያለ ቢስቅብኝም፣ ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት መስኮት ሠሪዎች ዘንድ ዞሬ፣ በሁለቱ መስታወቶች መሃል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለክቼ፣ የዳር ጎማውን በጥፍሬ ሞክሬ፣ ክብሪት ጭሬ መስታወቱ ላይ የሚታየውን ነበልባል ቆጥሬ (አራት ከታየ መስታወቱ እውነትም ሁለት ነው)፣ ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ደረጃ ሰጥቼ በደብተር ጻፍኩ። አምስተኛው ሥር ያሰፈርኩት «በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ» የሚል ነበር።

ያኔ ነው ደጃፌ ድረስ መጥተው «ወንድሜ፣ ደብተሩን ለኮሚቴው አውሰን፤ ሕንፃው አንድ ዓይነት መስኮት ይኑረው፤ አንተ ከፈረምክ ሁሉም ይፈርማል» ያሉኝ። ወንድሜ ሲሉኝ ደብተር ቀርቶ ኩላሊቴንም እሰጥ ነበር። ስብሰባው ላይ «የመረጥነው በወንድማችን ደብተር መሠረት ነው» ሲሉ የሠሪውን ስም እንኳ ሳልጠይቅ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። የምድር ቤቷ ባልቴትም «እሱ ካመነ እኔ ማን ነኝ» ብለው ፈረሙ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚለውን ተረት ረስቼው ነበር፤ ስላስታወሱኝ አመሰግናለሁ። የቀረውን ምስጋና እንደ ልማዴ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሠራተኞቹ የባልቴቷን አንድ መስኮት ብቻ ለክተው ሲሄዱ «የሌሎቻችንስ?» ብዬ ብጨነቅ፣ «ሕንፃው እኮ የአንድ እናት ልጅ ነው፤ አንዱ ሲለካ ሁሉም ተለካ» ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። የእኔ መስኮት ሁለት ጣት አንሶ መጣና ዙሪያውን ቢጫ ፎም ነፉበት። አሁን ነፋስ ሲነሳ ግድግዳዬ ያፏጫል። ሬዲዮ መግዛት ቀረልን።

፪ኛ. በሁለተኛው ሳምንት መስኮቱ ጉም ለበሰ። ባለቤቴ ከውስጥ ወለወለች፤ እኔ ልጄ ቀበቶዬን ይዛልኝ ግማሽ አካሌን አውጥቼ ከውጭ ወለወልኩ። ለካ ጉሙ ያለው በመስታወቶቹ መሃል፣ እጅ የማይደርስበት ቦታ ኖሯል።

፫ኛ. የብረት መቁረጫው ጩኸት እንደ ድሮው ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ገጠሙልን። ባለቤቴ ትራሷን ይዛ እህቷ ቤት መተኛት ከጀመረች ወር አለፋት። ከልጇ ጋር የሚገናኙት በር ላይ ነው፣ አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ። ባለፈው እሁድ «የገባህልኝ ቃል ልክ እንደ መስኮትህ ነው፤ ከሩቅ ያምራል» አለችኝ።

፬ኛ. ማክሰኞ አቤት ልል ቤትዎ ስመጣ ሳሎን አስቀምጠው ውሃ ስለጋበዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሳሎንዎም ወደዚያው ብረታ ብረት ቤት ይመለከታል። «ይሞቃል አይደል?» ብለው መስኮቱን ከፈቱ፤ ጩኸቱ ገባ። ዘጉት፤ የግድግዳ ሰዓትዎ ሲቆጥር ተሰማኝ። እጀታው ወደ ላይ ሲዞር ከአናቱ ዘንበል የሚል፣ ጎማው ጥቁርና ሁለት ረድፍ የሆነ መስኮት ነበር። ሰው ልጁን በአረማመዱ እንደሚያውቅ አወቅኩት። የደብተሬ አንደኛ ነው። ቤቴ ገብቼ የእኛን መስኮት ግርጌ ሳይ የተለጠፈው ስም የአምስተኛው ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ስብሰባው ላይ አልዋሹም፤ በደብተሬ መሠረት ነው የተመረጠው። የትኛው ገጽ ለማን እንደሆነ ብቻ አልነገሩንም።

፭ኛ. ይህ ምስጋና አይደለም። ደብተሩን ሲመልሱልኝ አንደኛው የተጻፈበት ገጽ ተቀዶ ነበር። እኔ የጠረጠርኩት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ነው። «አባዬ ሙት፣ እኔ አይደለሁም» እያለች ስታለቅስ «ታዲያ ደብተሩ ራሱን ቀደደ?» ብዬ ሁለት ቀን ዘጋኋት። ማክሰኞ ማታ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቶሎ ይቅር አለችኝ፤ ያ ነው የባሰብኝ።

ካሳ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከነገ ጀምሮ ባለቤቴ ከሥራ ስትወጣ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ትራሷን ይዛ እርስዎ ሳሎን ትመጣለች። ሶፋው ይበቃታል። ያ መስኮት የተመረጠው ለእሷ እንቅልፍ ስለሆነ፣ ሥሩ ብትተኛ ማንንም አታስቀይምም ብዬ አምናለሁ።

ለሕንፃችን ፊት ማማር ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ፣ ሁሌም ቀድሞ እጁን የሚያወጣው፣ ከእንግዲህ ግን ኪሱ ውስጥ የሚያኖረው፣
የሦስተኛ ፎቁ አቶ ዝርዝር

ማሳሰቢያ፦ ከተቀደደው ገጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ «የልጄ እናት የምትተኛበት መስኮት ይህ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ሳያዩት ቀርተው ከሆነ ዛሬ ያንብቡትና ገጹን በበሬ ሥር ያስገቡልኝ። አንብበውት ከሆነ ግን ገጹ እዚያው ይቅር፤ ከላይ «ጋሼ» ያልኩትን ብቻ ይሰርዙልኝ።