ማንነቱ ያልታወቀው ድምፅ

ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የቴክኖሎጂ አገልግሎትና ማሻሻያ ዳይሬክቶሬት
ለክቡር ዳይሬክተሩ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎ ከነሙሉ ጤናዎ፣ ወንበርዎ ከነመሽከርከሪያው፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም ከነቅዝቃዜው ደህና ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። የእኛን ጤና ከጠየቁን (እንደማይጠይቁን ባውቅም ወጉ ነውና) ዓይናችን እንደነበረ ነው፤ ጆሯችን ግን ካለፈው ማሻሻያ ወዲህ ሥራ ፈትቷል።

የሕግ ትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዓይኔን ያጣሁት በዘጠኝ ዓመቴ፣ በኩፍኝ ነው፤ ስለዚህ ፊደል የቆጠርኩት በዓይኔ፣ ሕግ የተማርኩት ግን በጆሮዬ ነው። ለዚህ ጆሮ ሕግን ያስገቡለት አንዲት ሴት ናቸው፤ ይህንን ደብዳቤ የምጽፍልዎም ስለ እሳቸው ነው።

በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ አራት ኮምፒውተርና ሰባት የጆሮ ማዳመጫ ያለው ክፍል መኖሩን፣ በሪፖርትዎ ላይ «የቦታ አጠቃቀም ጉድለት» ተብሎ ስለተመዘገበ፣ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ። በዚያ ክፍል ጥግ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ አሮጌ ፍራሽ የተለጠፈበት፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ጓዳ አለ። በመጽሐፍ ማዋሻው መስኮት ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንዲት ጡረተኛ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ጓዳ ውስጥ ተቀምጠው ለእኛ ለማናይ ተማሪዎች መጻሕፍት ሲያነቡና ድምፃቸውን ሲቀዱ ኖረዋል። እያንዳንዱን ገጽ «ገጽ አርባ ሁለት»፣ «ገጽ አርባ ሦስት» እያሉ ስለሚጀምሩ እማማ ገጽ አልናቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። ሦስት መቶ አርባ መጽሐፍ አንብበውልናል። ሲያስነጥሳቸው «ይቅርታ ልጆቼ» ይሉና ይቀጥላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ቆም ብለው፣ «ይሄን እንኳ ጸሐፊው ራሱ የገባው አይመስለኝም፤ እስቲ ደግሜ ላንብበው» ይላሉ። ፈተና ሲደርስ ያቺን ቦታ ፈልገን እየደጋገምን እንሰማት ነበር፤ ለሕጉ ብለን ሳይሆን ለሳቁ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። መሥሪያ ቤትዎ ነገር ሁሉ በቁጥር ሲሆን ደስ ስለሚለው እኔም በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ማስታወቂያው ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። «ተጠቃሚዎች ፋይሎቻቸውን እስከ ዓርብ ድረስ በስማቸው ያስመዝግቡ፤ ባለቤታቸው ያልታወቀ ፋይሎች ይወገዳሉ» የሚለውን ማስታወቂያ፣ በቀይ ቀለም አድምቃችሁ፣ የእኛው የማናየው ሰዎች ክፍል በር ላይ፣ ከመስታወቱ በስተጀርባ መለጠፋችሁን ሰምቻለሁ። በየቀኑ በሩን በእጃችን እየገፋን ስንገባ መስታወቱ ልሙጥ ነበር። ያነበበልን የዋናው መግቢያ ጥበቃ ነው፤ እሱም ሰኞ ጠዋት፣ ሻይ ሊያመጣልን ሲገባ በአጋጣሚ አይቶት። አንብቦ ከጨረሰ በኋላ፣ «ይሄ ዓርብ የሚለው ያለፈውን ዓርብ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ያለፈውን ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ማሻሻያው ፍጥነት አድናቆቴ ወሰን የለውም። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራ በሁለት የዕረፍት ቀን ተጠርጎ አለቀ። ያን ሰኞ ሰባታችን ሆነን አራቱን ኮምፒውተሮች ከፈትን፤ ሁሉም «ምንም ፋይል አልተገኘም» አለን። ከመካከላችን የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነች፣ ከገባች ጀምሮ ድምፅዋን እምብዛም ያልሰማነው እህታችን፣ «ምናልባት ማዳመጫው ተበላሽቶ ይሆናል» አለች። ኮምፒውተሩ ምን እንዳለን ሁላችንም ሰምተናል። ሆኖም ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ነቅለን፣ አንድ በአንድ ቀይረን ሞከርን። ሰባቱንም።

ሦስተኛ፦ የቅሬታ አቀራረባችሁ ዘመናዊነት አስደንቆኛል። በአገልግሎት መስኮቱ ያለችው ሠራተኛ፣ «ወንድሜ፣ በቃል አንቀበልም፤ ሲስተሙ ላይ ቲኬት ይክፈቱ» አለችኝ። ሲስተሙ ደግሞ ቲኬት የሚባለውን የአቤቱታ ቅጽ ከመክፈቱ በፊት ማሽን አለመሆኔን አረጋግጥ አለኝ፤ ማረጋገጫው ከዘጠኝ ሥዕሎች መካከል ድልድይ ያለባቸውን መምረጥ ነው። ጥበቃው በእኔ ፈንታ ቁጭ ብሎ መረጠልኝ። ሁለት ጊዜ ተሳሳተ፤ ሁለት ጊዜም ሰው አይደለህም ተባለ። «እኔ እንኳ ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ በር ስንቱን መታወቂያ አሳይ ስል፣ ሰው ነህ ወይ ብዬ የጠየቅኩት የለም» አለ። በሦስተኛው አለፍን። በአሥራ አንደኛው ቀን መልስ መጣልኝ፦ «ጥያቄዎ በተሳካ ሁኔታ ተዘግቷል። በአገልግሎታችን ስለረኩ እናመሰግናለን።»

አራተኛ፦ ከሠራተኞችዎ መካከል አንድ እውነተኛ ሰው መኖሩን ስገልጽልዎ፣ ስሙን የማልጠቅሰው እንጀራው እንዳይነካ ነው። በሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝና እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ አልዋሽህም። የፋይሎቹ ስም ቁጥር ብቻ ነው፤ ርዕስ የላቸው፣ ባለቤት የላቸው። አዲሱ ሲስተም እንደዚያ ዓይነቱን ቆሻሻ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ቢያንስ ቅጂ እናስቀር ብዬ ነበር፤ ጊዜ የለም ተባልኩ።»

«አንድም አልቀረም?» አልኩት።

«አንድም። አሮጌው ማሽን ራሱ ተጠርጎ ለመዝናኛ ክበቡ ተሰጥቷል፤ ሙዚቃ ያጫውቱበታል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከማጥፋቴ በፊት አንዱን ከፍቼ ሰምቼው ነበር። አንዲት ሴትዮ ‘ገጽ አንድ’ ይላሉ። የሚመለከተኝ ስላልመሰለኝ ዘጋሁት።»

እጄን ሲለቀው መዳፉ ላብ አጥምቆት ነበር። ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛ ይቅርታ ያ ላብ ነው።

አምስተኛ፦ በምትኩ ስለሰጣችሁን አንባቢ ማሽን ምስጋናዬን ልለግስ። አይታመምም፣ አያስነጥሰውም፣ ይቅርታም አይጠይቅም። የሚጠብቀውንና የሚላላውን መለየት ብቻ ነው ያቃተው። «ይመታል» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ አላልቶ ስለሚያነብ፣ በእሱ የወንጀል ሕግ ውስጥ ሁሉም ሰው መቺ ነው፤ የሚመታ የለም። መጀመሪያ ስቀን ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ማሽኑ የመሥሪያ ቤቱን ጠባይ ከእናንተው የወረሰ መሰለኝ።

ስድስተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ከቢሮዎ የወጣ ደብዳቤ ደረሰኝ። «ለችግሩ ዘላቂ መፍትሔ ለመስጠት ሲባል ቀደም ሲል ያነበቡት ግለሰብ በድጋሚ እንዲያነቡ ቢደረግ» ይላል፤ አድራሻቸው ስለማይታወቅ እኔ እንዳደርስም ታዝዣለሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ እማማ ገጽ ደብዳቤው ከመምጣቱ ስምንት ወር በፊት በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የድምፅ ሳጥናቸው ወጥቷል። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ መምጣት ያቆሙትም ለዚሁ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ይህንን ሊያውቅ የሚችልበት አንድም መንገድ አልነበረም፤ መጠየቅ ካልሆነ በቀር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዎን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። በር የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመና እርምጃዋ መጣ። «እማዬ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ልጅ ነው» አለች ወደ ውስጥ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ክቡር ሆይ፣ አንዱ መናገር፣ አንዱ ማየት የማይችሉ ሁለት ሰዎች እንዴት እንደሚጨዋወቱ አስበው አያውቁ ይሆናል። እማማ ገጽ መዳፌን ዘረጉና በጣታቸው ፊደል ይጽፉበት ጀመር፤ የልጅነት ዓይኔ የያዘው ፊደል አልጠፋኝምና አነበብኩት። መጀመሪያ የጻፉት አራት ፊደል ነው፦ ይ፣ ሰ፣ ማ፣ ሉ። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አደረጉ።

መዳፍ ላይ ማጥበቅና ማላላት የለም። ልጆቹ ይሰማሉ ወይ ማለታቸው ይሁን፣ መጻሕፍቱ ይሰማሉ ወይ ማለታቸው ይሁን አልለየሁም። ለሁለቱም «አዎ እማማ» አልኩ። ለሁለቱም ዋሸሁ።

ቀጥለው «የትኛውን?» ብለው ጻፉ። አፌ ላይ የመጣልኝን «የውርስ ሕግን» አልኩ። ያኔ ሳቁ። ሳቃቸው ድምፅ የለውም፤ እጃቸው እጄ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው ያወቅኩት። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ እየደከማቸው፣ ረጅም ነገር ጻፉልኝ፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜ ነው የያዝኩት፦ «ገጽ 88 ላይ አንድ መስመር ዘልያለሁ። ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል። አርሙልኝ።»

«እናርማለን» አልኳቸው። ደብዳቤዎን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ስለዚህ መልስ ያጣችሁት ሴትየዋ አኩርፈው እንዳይመስላችሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ልጃቸው አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «አንተ ታውቅ እንደሆነ ልጠይቅህ፤ በመጨረሻዋ ሳምንት ወረቀት በሰጠኋት ቁጥር ‘88 ታረመ?’ እያለች ነበር የምትጽፈው። ምንድን ነው?» አለችኝ። የመጽሐፍ ገጽ ነው አልኳት። «ታዲያ ታረመ?» አለች። ለእሷ መዋሸት አቃተኝ፤ እውነቱንም መናገር አቃተኝ። ተነሥቼ ወጣሁ፤ እግዜር ያጽናሽ እንኳ አላልኳትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ በእናንተ ላይ አልጽፈውም።

የቀረውን በአጭሩ ልንገርዎ። ከሰባታችን ሁለቱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደየቤታቸው ሄደዋል፤ አንዷ ያቺ ማዳመጫው ይሆናል ያለችው ናት። ለእኔ ጥበቃው ከተረኛ ጓዱ ጋር እየተቀያየረ፣ በምሳ ሰዓቱ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ መጽሐፍ ያነብልኝ ነበር። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነው፤ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» የምትለው ሐረግ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ያርፍ ነበር፣ ዳገት ላይ ንብረቱን ራሱ የተሸከመ ይመስል። በዚህ ዓይነት አምስት ትምህርት አለፍኩ። የወደቅኩት በውርስ ሕግ ነው፤ ዓመቱን እደግማለሁ። ጥበቃው ደግሞ «በሥራ ቦታ ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ጽሑፍ ሲያነብ በመገኘቱ» ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ሰው ወደማያልፍበት ወደ ጓሮው በር ተዛውሯል። ማስጠንቀቂያውን ያነበበልኝም ራሱ ነው። እየሳቀ ሊያነብልኝ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ክቡር ሆይ፣ የጠፋውን መልሱ አልልም፤ እንደማይመለስ ያ ባለሙያ ነግሮኛል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። በማሻሻያው ማጠቃለያ ሪፖርት ላይ «ማንነታቸው ያልታወቀ ፋይሎች፦ ተወግደዋል» የሚል አንድ መስመር አለ፤ አስነብቤ ሰምቼዋለሁ። እባክዎ ያንን መስመር ያርሙት። ማንነታቸው ይታወቅ ነበር። አንዲት የመጽሐፍ ማዋሻ ጡረተኛ፣ ፍራሽ በተለጠፈበት ጓዳ ውስጥ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያነበቧቸው ሦስት መቶ አርባ መጻሕፍት ናቸው። ሙሉ ስማቸውን ከማኅደራቸው ያገኙታል፤ ካልተወገደ።

የመሥሪያ ቤትዎን መስኮት፣ ቲኬትና ድልድይ በትዕግሥት ያለፍኩ፣ ጥያቄዬ ተዘግቶ እንደረካሁ የተመዘገብኩ፣ ውለታዎን መዳፌ ላይ ጽፌ የምኖር፣

ታዛዥዎ፣
የውርስ ሕግ ደጋሚ ተማሪ

ግልባጭ፦ ለጓሮ በር ጥበቃ (እንዲያነቡት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ)

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከቢሮዎ ተደወለልኝ። በመጪው ሐሙስ የማሻሻያው ምረቃ ስላለ፣ «ከተጠቃሚዎች አንዱ» ሆኜ መድረክ ላይ ወጥቼ ለአምስት ደቂቃ እንድናገር ተጋብዣለሁ። የደወሉልኝ ወይዘሮ እጅግ ትሑት ነበሩ፤ «ትንሽ ልብ የሚነካ ነገር ቢሆን ደስ ይለናል፤ ትልልቅ እንግዶች ይኖራሉ» ብለውኛል። ግብዣውን በአክብሮት ተቀብያለሁ። የምናገረውን ከወዲሁ አዘጋጅቼ በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ፋይል ውስጥ አላስቀመጥኩትም።