የአክስታችን መዥገር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነላት? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? ቀይዋ ላምስ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ። ሰላምታውን ያስቀደምኩት ወጉ ስለሆነ ነው እንጂ እጄን የሚያሳክከኝ ቁጣው ነው። ስልክ ስደውል ስለምትዘጋብኝ ይኸው በወረቀት ስማኝ።

በሹፌሩ እጅ የላክኸው ብልቃጥ ደርሶኛል። ባለ ነጠብጣቦቹ መዥገሮች ከአክስታችን ላሞች የመጡ፣ ግራጫዎቹ የእኛ ናቸው ብለሃል። በዚህ ሰበብ የአባታችንን እህት በቤታችንና በቤቷ መካከል ካለው ጉድጓድ ውሃ በእሾህ አጥር ከልክለሃታል። ዓይንህን በጨው ታጥበህ ደግሞ ከላቦራቶሪ ማስረጃ ላኪልኝ ትለኛለህ!

እኔ እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ ቢሆንም ብልቃጡን ለባለሙያዋ ሰጠኋት። በማጉያ መነጽር አይታ ሳቋ አመለጣት፤ ወንድምሽ ባልና ሚስት አፋታ አለችኝ። ባለ ነጠብጣቡ ወንዴው ነው፤ ግራጫዋ ደም ጠጥታ የተነፋችው ሴቷ ናት። ዝርያቸው አንድ ነው። ድሮ ምሁራንም መልክ ብቻ እያዩ የአንዳንድ መዥገሮችን ወንድና ሴት በሁለት ዝርያ መዝግበው ነበር አሉ። እነሱ ግን ስህተታቸውን ሰረዙ፤ በማንም ላይ አጥር አላጠሩም። ደግሞ ይህ መዥገር ትንሽ ሳለ ወፍና ጥንቸል ላይም ይጣበቃል፤ ከብት ላይ የሚበዛው ሲጎለምስ ነው። እስቲ ወፏን በየትኛው እሾህ ታግዳታለህ?

ይባስ ብሎ፣ እማዬ እንደነገረችኝ፣ ሁሉንም የለቀምከው ከራሳችን ከቀይዋ ላም ጡት ሥር ነው። የአክስታችንን ላሞች ቀርበህ እንኳ አላየህም! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አንተ ግን ያፈሰስከውን ሌላ ሰው ነው የሚለቅመው። አባታችን ሲሞት ከእማዬ ጋር ሆና ያሳደገችን አክስታችን አይደለችም? በኩፍኝ ስትቃጠል አዝላህ ሐኪም ቤት የሮጠችው ማን ነበረች? ዛሬ በስተርጅና አጥርህን ዞራ ላሞቿን እየነዳች ወንዝ ድረስ ትወርዳለች። ጥጃዋም መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች። አፍሬብሃለሁ፣ ወንድሜ።

ለእማዬ፣ ለባለቤትህ፣ ለትልቋ ልጅህና ላላየሁት ጨቅላ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የአክስታችንን ግን ቤቷ ድረስ ሄደህ አንተው ታደርሳለህ። በዙሪያው መንገድ እንዳትሄድ፤ እሷ ሁለት ወር ሙሉ ሄዳበታለች። እሾሁን በእጅህ እያነሳህ በጉድጓዱ በኩል እለፍ።

እህትህ፣
ከብልቃጥ ማጠቢያው ክፍል፣
ኅዳር 12 ቀን