ስለቱ ይቆጣ፣ ጭራው ይታገሥ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ይድረስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤንነትዎ እንደምን ነው? ጭስ የሚያስነሣብዎ ሳል ተሻለዎ ወይ? እናቴስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ስጋት እንደማይለየኝ እርስዎ ያውቃሉ። ቢሆንም ልጽፍ የተቀመጥሁበትን ሳልጨርስ አልነሣም።

በእህቴ እጅ ያስጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጭራ በፍም መልሼ አሙቄ የላክሁልዎን ቢላ መሳቢያ ውስጥ ወርውረው እንደተውት፣ ለጎረቤትም «ልጄ ቢላ መሥራት ትቶ ቢላ መቀቀል ጀመረ» እንዳሉ አነበብሁ። ሳቅሁ፤ ከዚያም አንጀቴ አረረ። በውሃ የጠነከረ ብረት ዳግመኛ እሳት ካየ ነፍሱ ትወጣለች፣ ስለዚህ ይህን ሥራ ትተህ በቶሎ ካልተመለስህ ወናፉንና መዶሻውን ለእህትህ ባል አስረክባለሁ ብለዋል። አባቴ፣ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ አልተውም።

እዚህ ቢላ መሥሪያ እንደገባሁ የምሠራው እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነበር። ከጫፍ እስከ ጭራ አንድ ወጥ አድርጌ አጠነክርና፣ ጭራውን በእጀታው ውስጥ በሙጫ እተክለዋለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ምግብ አብሳይ የሆነች ሴት ስለቱን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እጀታውን በሌላ እጇ ይዛ መጣች። «አንተ ልጅ፣ የሸጥክልኝ ቢላ ነው ወይስ ወፍ? አጥንት ስመታበት በረረብኝ» አለችኝ። ጉንጯ ተጭሯል፤ ትንሽ ከፍ ቢል ዓይኗን ባጠፋው ነበር። ጭራው እጀታው ውስጥ እንደ ሸክላ ከሽ ብሎ ቀርቷል። ስባሪውን ከእጇ ተቀበልሁ። አሠራሩ የእርስዎ፣ እጁ የእኔ ነበር።

የቢላ መሥሪያው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው፤ ቅንድባቸው አመድ ስለማያጣው ሠራተኛው ሁሉ አመዴ ይላቸዋል። ስባሪውን አይተው አልተቆጡም። «ስለቱ ይቆጣ፣ ጭራው ግን ይታገሥ» አሉና አሳዩኝ። ስለቱ ከጠነከረ በኋላ ውሃ በጠጣ ወፍራም ጨርቅ ይጠቀለላል። በጉጠት ተይዞ ጭራው ብቻ ከፍሙ ይገባል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን ይወጣና በደረቅ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ውሃ አይነካውም። ጨርቁ ከደረቀ ሙቀቱ ወደ ስለቱ ይሾልክና ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ እርስዎ የፈሩት ይደርሳል፤ ቢላው ቅቤ እንኳ አይቆርጥም። እኔ ግን ፈሪ በመሆኔ ዓይኔን ከጨርቁ አልነቅልም፤ አጠጣዋለሁ፣ ደግሜ አጠጣዋለሁ። አመዴ አንዳንዴ «ቢላ ነው ወይስ ችግኝ የምታሳድገው?» ይሉኛል። እንዲህ የለዘበ ጭራ ሞረድ ይቀበላል፣ ለሚስማር ይበሳል፤ ቢመቱትም ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም።

እንግዲህ እንዋዋል። ያን ቢላ ከመሳቢያው ያውጡት። እጀታውን ፈልጠው ይጣሉት፣ አላዝንም። ስለቱን በሞርሳ ቆንጥጠው ይያዙና ጭራውን በትልቁ መዶሻ ይምቱት። ከተሰበረ፣ ጓዜን ጠቅልዬ እመጣለሁ፤ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ዕድሜ ልኬን ወናፍ እነፋለሁ፤ መዶሻውን የእህቴ ባል ቢይዘውም ቅር አይለኝም። ከጎበጠ ግን እዚሁ እቀራለሁ፤ እርስዎም ያዩትን ለዚያው ጎረቤት በራስዎ አንደበት ይነግሩልኛል። ይህን ቃል ስጽፍ ላብ አጥምቆኛል፤ ሆኖም አልሰርዘውም። ፍርዱን ለእርስዎ ክንድ ትቻለሁ፤ ሸምጋይም አልሻም።

እናቴን እጅ ነሥቷል ይበሉልኝ። የእህቴ የእጅ ጽሕፈት አስደስቶኛል፤ ስድቡን አንድም ሳትቀንስ በመጻፏ ግን ተቀይሜአታለሁ። የእህቴን ባል ሰላም ይበሉልኝ፤ መዶሻውን ግን ገና አይመኘው። አክስቴንም ከነልጆቿ ሰላም እላለሁ። ጭራው ሲመታ ሁሉም ራቅ ብለው ይቁሙ። ይሰበራል ብዬ አይደለም፤ እርስዎ ሲናደዱ የመዶሻው ራስ ከእጀታው እንደሚወልቅ ስለማውቅ ነው።

በዚህ ነገር ብቻ ያልታዘዝሁዎ ልጅዎ

ከቢላ መሥሪያው በላይ ካለችው ክፍሌ፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን