ሁለት ሴል በአንድ ጠብታ

ጥር 6
እንደወትሮው ጠዋት ላብራቶሪ፣ ከሰዓት ኮምፒውተር። ከካንሰር በሽተኞች የተወሰደ ዕጢ ሴሎችን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዷን በየራሷ ጠብታ ለይተን፣ የትኞቹ ጂኖቿ እንደሚሠሩ እናነባለን። ማንነቷ የሚታወቀው በዚያ ነው፤ የካንሰር ናት ወይስ ካንሰርን የምትዋጋ? ዛሬ ሁለቱንም የምትመስል ዓይነት መጣች። ጋሼ ግኝት (አለቃችን፤ ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ) መቀመጥ አቃተው።
"አዲስ ሴል ነች። ስም አስቡላት።"
"ሁለት ሴሎች አንድ ጠብታ ውስጥ ገብተው ቢሆንስ?"
"አንቺ ደግሞ አታሟርቺብን።"
ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ... ምን አሳቀኝ?

ጥር 9
ናሙናውን የምትልክልን ሐኪም ደወለች። ለካ ጋሼ ግኝት ነግሯታል! አዲሷን ሴል የሚያጠቃ መድኃኒት ልትሞክር በሽተኞች መርጣለች።
"አሁን የሚወስዱትን መድኃኒት ላስቆማቸው ነው።"
"እየሠራላቸው አይደለም እንዴ?"
"ይሠራል። ግን የእናንተው ይሻላል ተብያለሁ።"
ትንሽ ታገሺ አልኳት። ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?

ጥር 10
ላጣራ ብል "ጊዜ የለንም" አለኝ። ለሴሏ ስም ለማውጣት ግን ግማሽ ቀን ስብሰባ ተቀመጥን።

ጥር 12
እንዴት እስካሁን አልታየኝም? ኬሚካል ለመቆጠብ ብለን የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት በሽተኛ ናሙና ቀላቅለን ነበር ያስገባነው። ወንድ ብቻ ያለው ጂን አለ፤ ሴት ላይ ብቻ የሚሠራም አለ። ፈለግኳቸው። ከ"አዲሶቹ" ሴሎች ግማሾቹ ላይ ሁለቱም አሉ። አንዲት ሴል ከሁለት ሰው ትወለዳለች እንዴ? የሰውየው ሴልና የሴትየዋ ሴል፣ አንዷ የካንሰር ሌላዋ ተዋጊ፣ አንድ ጠብታ ውስጥ ገብተው እንደ አንድ ተነበቡ፤ በቃ። የቀሩት ግማሾች ጥንዶቹ ከአንድ ሰው ወይም ከአንድ ጾታ ስለሆኑ ነው በዚህ ያልተለዩት።
ውጤቱን በሥዕል አውጥቼ ለጋሼ ግኝት አሳየሁት። በሩን ዘጋና፣
"ለማን አሳየሽ?"
እውነት ነው ወይ እንኳን አላለም። ደሜ ፈላ።

ጥር 13
እሱን ሳልጠይቅ ሥዕሉን ለሐኪሟ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። "በሽተኞቼ መድኃኒታቸውን ይቀጥላሉ" አለች። ከስልኩ በኋላ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ በንዴት።

ጥር 20
ትልቁ ስብሰባ። ጋሼ ግኝት ዓይኑን በጨው አጥቦ ሥዕሌን ግድግዳው ላይ አሳየ። "ጥንቃቄያችን ያጋለጠው ስህተት" አለ። ስሜ የለም። ተጨበጨበለት።
የድሮዋ እኔ ብሆን አንገቴን ደፍቼ ወጥቼ ቤቴ ከግድግዳ ጋር እጣላ ነበር። እጄን አወጣሁ።
"አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ይሄን ሥዕል ያሳየሁዎት ቀን፣ 'ለማን አሳየሽ' ያሉኝ ለምን ነበር?"
ውሃ ጠጣ። ብርጭቆው ባዶ ሆኖም መጠጣቱን አልተወም። እኔም አልተቀመጥኩም።