የንጉሪ እፍኝ ሩዝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3
ደመናው ዛሬም ከቤታችን በታች ተኝቶ አረፈደ። መንደሩ የሚንሳፈፍ ይመስላል... እኔም አብሬው። ቅርጫቴን ይዤ በየበሩ ዞርኩ። ሴቱ ሁሉ ሩዝ ሊያበስል ሲል አስቀድሞ ለእግዜር ብሎ የሚያኖራትን እፍኝ ለቤተ ክርስቲያን ሰበሰብኩ። ደስ ሲል! ወሬውም አብሮ ይሰበሰባል።

የጎረቤቴን የንጉሪን በር ግን አለፍኩት። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ራንግኪማ ናቸው ያዘዙን። ከሠርጓ በፊት አርግዛ ነበርና ከጌታ ራት ታግዳለች። "የታገደች ሴት ሩዝም አይነካም" አሉ። ይሄ ደግሞ የት ተጽፏል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6
ንጉሪ ጋ ጎራ አልኩ። መንምናለች። ሕፃኑ ጡቷን ይስባል፣ ይስባል... ያለቅሳል።
"ምነው፣ አትበዪም እንዴ?"
"እትዬ ቬሊ፣ እግዜር እፍኙን ከተጸየፈው ድስት እኔ እንዴት ልብላ?"
"እግዜር መቼ ተጸየፈ? ራንግኪማ እንጂ!"
ደመናው በመስኮት ገባ። ለአፍታ እሷም ልጇም የጠፉ መሰለኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7
ጥፋትሽ ነው አሏት፣ እሺ አለች። ቅጣቷንም ተቀበለች። ረሃቡን ማን ጨመረባት? ሕፃኑስ ምን አደረገ?...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10
"አምጪ እፍኝሽን!" አልኳት ከደጅ። ቅርጫቴ ውስጥ ጨመረችው። እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከሌላው ሩዝ ጋር አማሰልኩት። ልጇን አዝላ ተከተለችኝ።

ራንግኪማ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመዋል።
"የሷን ተቀበልሽ አሉ። አውጪው!"
"እሺ ጋሼ። የትኛው እንደሆነ ያሳዩኝ።"
ጎንበስ ብለው ቅርጫቱን አዩ... አዩ... ቀና አሉ።
"አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ምላስሽ!"
"ባሌም ተስፋ ቆርጦበታል።"
ሩዛቸውን ሊያደርሱ የመጡት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እሳቸውም ሳቁ ሊያመልጣቸው ሲል ፊታቸውን አዞሩ። መንገዱን ለቀቁልኝ። ውስጥ ገብቼ ቅርጫቴን ከሁሉም በተሰበሰበው ሩዝ ላይ ገለበጥኩት። ንጉሪ ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 22
ንጉሪ ቤት ምሳ በላሁ። ደመናው ተገፎ ሸለቆው እስከ ታች ይታያል። ለራሷ ሁለተኛ ጨለፈች... ሦስተኛም። አላየሁም ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ። ከዚያ ልጇን አጠባች። ወተቱ በዝቶበት ትን አለው፣ አስነጠሰ፣ ተቆጣ።

"ቀስ በል፣ አንተ ስግብግብ!" አለችው፣ እየሳቀች።