ወተት የማይገባበት በራድ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ረቡዕ፣ ኅዳር ፲፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለፍሬሰላም አምኃ
ጅማ

ልጄ ሆይ፣ አንቺንና ልጆችሽን፣ የምታስተምሪያቸውንም ሕፃናት የፈጠረ አምላክ ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ። እኔ፣ ስሙ ይመስገንና፣ አለሁ። የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንቺ በትሕትና «እንዴት ሰነበቱ?» ትይኛለሽ፤ እኔም «ደኅና» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል ያጥረኛል። በልጅነትሽ «አንተ» ትይኝ እንደ ነበር አልረሳሁም። ስለዚህ ብዕር አነሣሁ። ፊደሉ ቢወላገድ ታገሺኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የአብሮ አደግሽ የሪሐና ልጅ ኢዘዲን ነው። በአይሱዙ ጭነት ይዞ ወደ ጅማ ይመላለሳል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ካርቶን ይሰጥሻል። ካርቶኑን ሳትከፍቺ ይህን አንብቢ። በውስጡ ያለውን ዕቃ ከተቀበልሽኝ ይቅር እንዳልሽኝ እቈጥረዋለሁ፤ ብትመልሽውም አልቀየምሽም።

ሰፈራችን እንደሚነሣ ሰምተሻል። ከእኛ በታች ያሉት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ከደጃችን ቆሜ ቀድሞ አይቼው የማላውቀውን አውራ ጎዳና አያለሁ። እኔ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደርሶኛል። ጎረቤታችን ዙለይካም ከልጇ ከሪሐና ጋር ልትኖር ወደ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ሰፈር ትሄዳለች። አርባ አምስት ዓመት በአንድ ግቢ ኖረን በአንድ ሳምንት ልንለያይ ነው።

ባለፈው ሰኞ መጻሕፍቴን በማዳበሪያ ስከት ዙለይካ በአሮጌ ሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ መጣች። ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን አስጠግታዋለች።

«ጋሽ አምኃ፣ ይኼን ዕቃዎን ይረከቡኝ» አለችኝ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አቧራውን ስጠርግለት እኔ አረጀሁ፤ እሱ ግን ያው ነው።»

ስትፈታው የአያትሽ የሻይ ዕቃ ነበር። ለሠርጓ ፒያሳ ከአንድ አርመን ነጋዴ የተገዛው፣ ከንፈሩ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለበት ነጭ በራድና ስድስቱ ሲኒዎች። እናትሽ ስመኝ ከእናቷ ወርሳ ስታመጣው ወተት አይገባበትም ብላ ለየችው፤ ካህናት ሲመጡ በጾምም በፍስክም ያለ ሥጋት እንዲጠጡበት ነበር። ይህን ደንብ ግቢው ሁሉ ያውቀዋል።

አንቺና ሪሐና በረንዳው ላይ የምታሰናዱት የሻይ ግብዣ ትዝ ይልሻል? የእናትሽን ነጠላ መሬት ላይ አንጥፋችሁ፣ ጠፍጣፋ ጠጠር በሳህን ደርድራችሁ «ብስኩት ነው» ትሉ ነበር። ሪሐና የትልቅ ሰው ሚስት ትሆናለች፤ አንቺ አስተናጋጅ። አንድ ቅዳሜ ከቂርቆስ ደቀ መዛሙርቴን አሰናብቼ ስመጣ «መሪጌታ፣ ይግቡ እንጂ» ብላችሁ ዱካ ላይ አስቀመጣችሁኝ። ባዶ ውኃ ቀዳሽልኝና «ስኳር ይጨመር አባዬ?» አልሽኝ። እኔም «ሁለት ማንኪያ» አልሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ አብሬያችሁ የተቀመጥሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ሥራ ነበረብኝ፤ ሥራ ነው ብዬ የያዝሁት ነገር ብዙ ነበር።

ዙለይካ ዕቃውን ስትዘረጋ፣ ለቀልድ ያህል፣ «ልጅሽ ወተት የጨመረችበት በራድ ይኸው መጣ?» አልኋት።

አልሳቀችም። ዱካ ስባ ተቀመጠች።

«ጋሽ አምኃ፣ እርስዎ እስከ ዛሬ አያውቁም እንዴ?»

ያን ቀን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። የዐቢይ ጾም ዓርብ ነበር። መቋሚያዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስሁ። እናንተ በረንዳው ላይ ጨዋታችሁን ዘርግታችኋል፤ አንቺ ከበራዱ ወደ ሲኒ ስትቀጂ የወረደው ነጭ ነበር። ማን ነው ወተት ያገባበት ብዬ ጮኽሁ። አንቺ ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞር አልሽ። ሪሐና ግን ብድግ ብላ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ «እኔ ነኝ ጋሼ። እኔ ኮ አልጾምም» አለችኝ።

ልጅቱን ከደጃችን እንዳትደርስ ከለከልሁ። ዕቃውን ጠቅልዬ ለዙለይካ ሰጠሁና «ከእንግዲህ ለእኛ አይሆንም» አልኋት። አንቺን እያየሽ ዝም ብለሻል ብዬ አርባ ስግደት አሰገድሁሽ። ግንባርሽ አቧራ ለብሶ ስትነሺ ወደ እኔ አላየሽም፤ ወደዚያው በር ነበር ያየሽው። እናትሽ በውስጥ ታማ ተኝታ ሁሉን ሰምታለች። ምንም አልተናገረችም፤ እኔም ለምን ዝም አለች ብዬ አልጠየቅሁም። በሰኔ ቀበርናት።

ዙለይካ እንደ ነገረችኝ፣ ሐኪሙ ለእናትሽ ሳንባ በየቀኑ ወተት አዝዞላት ነበር። የንስሐ አባቷም ከጾሙ ፈትተዋታል። ዙለይካ በቤቷ ወተቱን ታፈላለች፤ በጣሳ ብትልከው ሰው ያያል፤ ስለዚህ ወተት እንደማይገባበት ሁሉም በሚያውቀው በራድ ይላክ ተባለ። እናንተ በጨዋታ መልክ ግቢውን ታቋርጣላችሁ፣ በረንዳው ላይ ጥቂት ትቆያላችሁ፣ ከዚያ አንዱን ሲኒ ለ«እንግዳዋ» ብላችሁ ወደ መኝታ ቤት ታስገባላችሁ። እኔ ስንት ቀን በአጠገባችሁ አልፌ «ጎሽ፣ ተጫወቱ» ብያለሁ።

ለምን ለእኔ አልነገረችኝም ብዬ ዙለይካን ጠየቅኋት።

«ንገሪው ብያት ነበር» አለችኝ። «‹ቄሱ ፈቅደውልኛል፤ መሪጌታ ግን አይፈቅድልኝም› አለችኝ።»

ልጄ፣ የጾም ሕግ በታመመ ሰው ላይ እንደማይጸና እኔው ራሴ ጉባኤ ዘርግቼ አስተምር ነበር። ምዕራፉን ከነንባቡ በቃሌ አውቀዋለሁ። ያን ትምህርት ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ቤቴ ይዤው አልገባሁም። የገዛ ሚስቴ ከእኔ ተደብቃ በሕፃናት እጅ መድኃኒቷን ትቀበል ነበር፤ ያንንም በር የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ወተቱ ያድናት ነበር ወይ ብዬም ጠየቅሁ። ዙለይካ ሻርፑን ስታጣጥፍ ቆየች።

«አላህ ያውቃል» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ትወደው ነበር» አለችኝ።

ከሰኞ ወዲህ ይህን ቃል ይዤው እተኛለሁ፣ ይዤው እነሣለሁ። አንቺ ደግሞ ይህን ሁሉ በዘጠኝ ዓመትሽ ተሸክመሽ፣ እናትሽን እንዳታጋልጪ አፍሽን ዘግተሽ፣ ከእርሷ ሞት በኋላም እኔን እንዳትወቅሺ ዝም ብለሽ አደግሽ። ለሥራ ርቀሽ ስትሄጂ ጅማ ለምን መረጥሽ ብዬ ተቈጥቼሽ ነበር። አሁን ገብቶኛል። እናትሽ ስለ እኔ ያለችውን አንቺም በልብሽ ትይ እንደ ነበር ገብቶኛል።

ስለ እኔ ጤንነት ኢዘዲንን አትጠይቂው፤ ልጅ ነው፣ ያጋንናል። ሐኪሙ ብዙ ወረቀት ሰጥቶኛል፤ ሁሉንም አላነበብሁትም። የንስሐ አባቴ ከዚህ ከነቢያት ጾም አሰናብተውኛል። አዲሱን ቤት ፎቁ ድረስ ወጥቼ አየሁት፤ በደረጃው ላይ ስድስት ጊዜ ዐረፍሁ። መስኮቱ ብርሃን አለው።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ከቀኑ በአምስት ሰዓት ዙለይካ በዚያው በራድ ትኩስ ወተት ይዛ፣ ሰው ያያል ሳትል፣ የተቈፈረውን ግቢ አቋርጣ መጣች። በእናትሽ ሲኒ ቀዳችልኝ። «ስኳር ይጨመር ጋሽ አምኃ?» አለችኝ። ጠጣሁት፣ ልጄ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ከዚያ ሁለታችን ዕቃውን አጥበን በጋዜጣ ጠቀለልነው።

በካርቶኑ ውስጥ በራዱንና አምስት ሲኒዎች ታገኛለሽ። ልጆችሽ ይጫወቱበት፤ ቢሰበርም አትቈጫቸው። የወደዱትን ይቅዱበት። ስድስተኛው ሲኒ አልተሰበረም፤ እኔ ዘንድ አስቀርቼዋለሁ። መጥተሽ ብትወስጂው ደስ ይለኛል። ጎተራ መጥተሽ፣ አንኳኩተሽ፣ ሳልከፍትልሽ ብዘገይ፣ ቁልፉን ዙለይካ ዘንድ አኑሬዋለሁ።

የእናትሽ ትዕግሥት በቤትሽ ይደር፤ የእኔ ቍጣ ከእኔ ጋር ይቅር። ልጆችሽ የልባቸውን ሳይፈሩ የሚነግሩሽ እናት ያድርግሽ። ሪሐናን ዛሬ ማታ በስልክ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ያቺ ልጅ ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ይቅርታ ነው።

አባትሽ
አምኃ