በነጥብ የተሣለው ዛፍ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ብቻ አቅቶኛል። ይህንንም የምጽፍልሽ እየተነሣሁ፣ መጋረጃውን እየገለጥኩ ነው።

ሦስተኛ ክፍሎችን የታላላቅ ሰዓሊዎችን አሣሣል እያስተማርኳቸው ነው። በዚህ ሳምንት ተራው በነጥብ ብቻ የሚሥለው ሰውዬ ነበር። ልጆቹ በጆሮ ማጽጃ ጫፍ ቢጫና ሰማያዊ ነጥብ ጎን ለጎን ያሳርፋሉ፤ ራቅ ብለው ሲያዩት አረንጓዴ ቅጠል ሆኖ ቁጭ ይላል። ክፍሉን በጩኸት አናጉት። አዲስ ጨዋታም ፈጥሬላቸዋለሁ፤ እኔ የቀለሙን ስም እጠራለሁ፣ ጠርሙሱን እነሱ ያመጡልኛል። ወደውታል።

ትናንት ሰሌዳው ላይ በለጠፍኩት ወረቀት የራሴን ዛፍ ስሥል፣ ፊት የምትቀመጠው ለፍላፊ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ግንዱን ለምን አረንጓዴ አደረግሽው?» አለችኝ።

«ሰዓሊ ደስ ያለውን ያደርጋል» ብዬ አሳቅኋቸው። በእረፍት ሰዓት ወረቀቱን ይዤ ግቢውን ዞርኩት። ፀሐይ ላይም አየሁት፣ ጥላ ውስጥም አየሁት። ለእኔ ቡኒ ነው።

እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው፤ አባባ የደንበኛውን ቡኒ ሱሪ በአረንጓዴ ክር ሰፍቶ የሳቅንበት ጊዜ፣ እጁን ይዘን ስፌት ቤቱ ማድረስ ከመጀመራችን ስንት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር? አንቺ አትረሺውም። መልሱን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ፤ ባለቤቴ ጋ እንዳትደውዪ፣ ሥራ በዝቶበታል።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ሰላማችሁ ይብዛ። ፎቷቸውን ስትልኪ ተለቅ አድርገሽ አሳጥቢው። ማን ምን እንደለበሰም ከጀርባው ጻፊልኝ፣ ቀለሙን ጭምር።

ታናሽ እህትሽ